ከአንድ ሥር የበቀሉ

እርሱ፦ የሄልሲንኪው ተማሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. ሊኑክስን ለዓለም ከገለጠ ወዲህ፥ ከዚያ አንድ ሥር የበቀሉት ነጻ ሥርዓተ ክወናዎች እጅግ ስለ በዙ፥ ሊጠቀምባቸው የሚሻ ሰው ገና ከደጃፉ ሳለ በምርጫው ብዛት ታውኮ ይመለሳል፤ እኅቴ፥ እንዲህ ያለውን ሰው ምን ብለው ይመክሩታል?

እርሷ፦ ስለ መልኩ ከመጨነቁ አስቀድሞ የሠሪዎቹን ቃል ኪዳን ይመርምር፤ አዲስ እትም በየስንት ጊዜ እንደሚያወጡ፥ ያወጡትንም እስከ መቼ እየጠገኑ እንደሚጠብቁት። ኢያን መርዶክ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1993 ዓ.ም. የመሠረተው ዴቢያን፥ በበጎ ፈቃደኞች ማኅበር እየተመራ፥ ጽኑዕ እትሙን በየ2 ዓመቱ ገደማ ፈትኖ ያወጣል፤ ፌዶራ ግን በየ6 ወሩ ገደማ ይታደሳል፥ እያንዳንዱ እትሙም የሚጠበቀው 13 ወር ያህል ብቻ ነው።

እርሱ፦ ሐዲሱን ነገር ፈጥኖ ማግኘትስ በረከት አይደለምን?

እርሷ፦ ለተመራማሪው በእውነት በረከት ነው። ነገር ግን የትምህርት ቤት ኮምፒዩተሮች በአደራ የተሰጡት፥ ሁሉንም በየዓመቱ ለማደስ ጊዜም ፈጣን ኢንተርኔትም የሌለው መምህር፥ ዴቢያንን ወይም 5 ዓመት የሚጠገነውን የኡቡንቱን የረጅም ጊዜ እትም ቢይዝ ይሻለዋል፤ በዚህ አላመነታም።

እርሱ፦ ኮምፒዩተሩ ያረጀበትስ?

እርሷ፦ የሥርዓቱን ገጽታ ከሚያሳዩት ዴስክቶፖች መካከል፥ ከከባዱ ግኖም ይልቅ ቀላሉን ኤክስ ኤፍ ሲ ኢ ይምረጥ፤ ሥርዓቱንም በፍላሽ አስነሥቶ፥ ዋይፋዩና ድምፁ፥ የአማርኛም መጻፊያው እንደሚሠራ አይቶ ይወስን። አድማጮቻችን ሆይ፥ ከመጫናችሁ አስቀድሞ ሰነዶቻችሁን ሁሉ በሌላ ስፍራ ገልብጣችሁ አኑሩ።