ድምፅ ሌላ፣ ወንበር ሌላ

(በማኅበራችን የአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ይህን ንግግር እንዳቀርብ የተጠየቅሁት በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ የመተዳደሪያ ደንባችን የምርጫ አንቀጽ ለውይይት ስለሚቀርብ ነው። እንደምታውቁት የሥራ አመራር ኮሚቴያችን የሚመረጠው በየመንደሩ ነው። እያንዳንዱ መንደር አንዲት ሴት ይልካል፤ በመንደሩ ብዙ ድምፅ ያገኘችው ትገባለች። ባለፉት ሁለት ምርጫዎች የገቡት ሁሉም የገበያ ነጋዴ እህቶቻችን ናቸው። በሰው ቤት በተመላላሽነት የሚሠሩት፣ ልብስ የሚያጥቡት፣ እንጀራ ጋግረው የሚያስረክቡት በየመንደሩ አሉ፤ ኮሚቴው ውስጥ ግን አንዲትም የለችም። ይህ ተራ ነገር አይደለም። የብድር መክፈያው በየሳምንቱ፣ በገበያ ማግስት እንዲሆን የተወሰነው በዚሁ ኮሚቴ ነው። በወር አንዴ ደመወዝ የምትቀበል ሴት በየሳምንቱ ከየት ታመጣለች? መቀጫ የሚከፍሉት እነማን እንደሆኑ የመቀጫ ደረሰኞቹን ያየ ሰው ያውቃል።

«ቆጠራው ተጭበርብሯል» የሚሉ አሉ። የቆጠራውን ወረቀት አንድ በአንድ ደምሬዋለሁ፤ ትክክል ነው። ቢሆንም ቅር ያላቸው እህቶች ያለ ምክንያት ቅር አላላቸውም። ሁለቱ ነገሮች እንዴት አብረው እውነት እንደሚሆኑ ለማስረዳት ከራሳችን ብጀምር ስም መጠራራት ይመጣል። ስለዚህ ራቅ ብዬ ከሌሶቶ እጀምራለሁ።

ሌሶቶ ዙሪያዋን በደቡብ አፍሪካ የተከበበች፣ ሁለት ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ያላት ተራራማ አገር ናት። ብርዱ ከእኛ ደጋ አይተናነስም፤ ሰዎቹ እኛ ጋቢ እንደምንደርበው ወፍራም ብርድ ልብስ ደርበው ይውላሉ። ንጉሥ አላት፤ መንግሥት የሚመሠርተው ግን በፓርላማ አብላጫ ወንበር ያለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1993 ምርጫ ተደረገ። ፓርላማው 65 ወንበር ነበረው፤ አገሪቱ በ65 የምርጫ ክልል ተከፈለች፤ በየክልሉ አንደኛ የወጣው ይገባል። ባሱቶላንድ ኮንግረስ የሚባለው ፓርቲ ከ100 ድምፅ 75 ያህሉን አገኘና 65ቱንም ወንበር ወሰደ። ሁለተኛ የወጣው ባሶቶ ናሽናል ፓርቲ ከ100 ድምፅ ከ22 በላይ አግኝቶ ያለ አንድ ወንበር ቀረ። ከአምስት መራጭ አንዱ የመረጠው ፓርቲ በፓርላማው ውስጥ አንድም አፍ አልነበረውም ማለት ነው።

በ1997 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ንትሱ ሞኬሌ ከራሳቸው ፓርቲ ጋር ተጣሉ። አብዛኛውን የፓርላማ አባል ይዘው ወጡና የሌሶቶ ኮንግረስ ለዴሞክራሲ የሚባል አዲስ ፓርቲ መሠረቱ። ሕዝቡ አንድ ድምፅ እንኳ ሳይሰጥ አዲሱ ፓርቲ መንግሥት ሆነ፤ የተመረጠው አሮጌው ፓርቲ ተቃዋሚ ሆነ።

በዚህ ላይ የ1998 ምርጫ መጣ። ወንበሩ 80 ሆኖ ነበር። አዲሱ ፓርቲ ከ100 ድምፅ ወደ 61 የሚጠጋ አገኘ፤ ወንበሩ ግን ከ80 ሰባ ዘጠኙ ነው። ባሶቶ ናሽናል ከ100 ድምፅ ከ24 በላይ አግኝቶ አንድ ወንበር ደረሰው። ከአምስት ዓመት በፊት ፓርላማውን በሙሉ ይዞ የነበረው ባሱቶላንድ ኮንግረስ ከ100 ድምፅ 10 ያህል አግኝቶ ባዶ እጁን ወጣ።

እስቲ ቆም ብለን እናስላው። 24 ከመቶ የሚሆን ድምፅ በ80 ወንበር ሲባዛ 19 ወንበር ይመጣል። የደረሰው 1 ነው። የቀረው 18 ወንበር የት ሄደ? ማንም አልሰረቀውም። በየምርጫ ክልሉ ሁለተኛ ሆኖ መውጣት ዋጋው ዜሮ ስለሆነ በየቦታው ተንጠባጥቦ ቀረ። ይህን በእኛ አነጋገር ላስቀምጠው። ሦስት መንደር አለ እንበል፤ በእያንዳንዱ 100 ሴት ትመርጣለች። በሦስቱም መንደር ነጋዴዋ 40፣ የቤት ሠራተኛዋ 35፣ እንጀራ ጋጋሪዋ 25 አገኙ። ሦስቱም ወንበር የነጋዴዎች ይሆናል። ከ300 ድምፅ 180ው አንዲት ሴት እንኳ አላስገባም። ቆጠራው ግን እንከን የለውም።

የሌሶቶ ተቃዋሚዎች ይህን አልተቀበሉም። በነሐሴ ወር ከንጉሡ ቤተ መንግሥት በር ላይ ተሰብስበው ምርጫው ተጭበርብሯል አሉ። የደቡብ አፍሪካው ዳኛ ፓየስ ላንጋ የመሩት ኮሚሽን የምርጫውን መዝገብ እንዲመረምር ተደረገ። ሪፖርቱ ይፋ መሆኑ ሲዘገይ ጥርጣሬው ባሰ። ሲወጣም የሁለቱንም ወገን ልብ አላሳረፈም፤ መዝገቡ ዝርክርክ ስለነበር ምርጫው ዋጋ የለውም ለማለትም፣ ውጤቱ በእርግጥ የመራጩ ፈቃድ ነው ለማለትም አልተቻለም። በእኛ ሙያ ይህ «አስተያየት ለመስጠት አለመቻል» ይባላል። ኦዲተር ከሚሰጠው መልስ ሁሉ የምፈራው ይህን ነው። ጉድለት ተገኘ ቢባል ጉድለቱ ይታወቃል፤ ወረቀቱ አይናገርም ሲባል ግን እያንዳንዱ ሰው የፈለገውን ያምናል።

መስከረም 22 ቀን 1998 እ.ኤ.አ. የደቡብ አፍሪካ ጦር ገባ፤ የቦትስዋናም ተከተለ። በዋና ከተማዋ በማሴሩ ሱቆች ተዘረፉ፣ ተቃጠሉ፤ የሰው ሕይወት ጠፋ። ሱቅ ተቃጠለ ሲባል ከሱቁ ደጃፍ ቲማቲም ዘርግታ የምትውለዋንም አስቡ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው ለእኛ የሚጠቅመው። አሥራ ሁለት ፓርቲዎች ሁለት ሁለት ሰው እየላኩ አንድ ጊዜያዊ አካል አቋቋሙ፤ ሥራው ለሚቀጥለው ምርጫ ደንቡን ማስተካከል ነበር። ብዙ ተከራክረው የደረሱበት ይህ ነው። 80ዎቹ የአካባቢ ወንበሮች እንዳሉ ይቀጥላሉ፤ ሰው ወኪሉን በስም ማወቅ ይፈልጋልና። በላዩ 40 የማካካሻ ወንበር ይጨመራል። መራጩ ሁለት ወረቀት ይቀበላል፤ አንዱ ለአካባቢው ተወዳዳሪ፣ አንዱ ለፓርቲ። ከፓርቲ ድምፁ እያንዳንዱ ፓርቲ ስንት ወንበር እንደሚገባው ይሰላል፤ በአካባቢ ያገኘው ይቀነሳል፤ የጎደለው ከ40ው ይሞላለታል። ሒሳብ ለምትሠራ ሴት ይህ የታወቀ ነገር ነው፤ የሚገባው ሲቀነስ የተከፈለው፣ ቀሪው ዕዳ።

በ2002 እ.ኤ.አ. ተሞከረ። ገዢው ፓርቲ 55 ከመቶ ያህል ድምፅ አግኝቶ በአካባቢ ብቻ 77 ወንበር ወሰደ። ከሚገባው በላይ ስለያዘ ከማካካሻው ምንም አልደረሰውም። ባሶቶ ናሽናል 22 ከመቶ ያህል ድምፅ አገኘ፤ በአካባቢ አንድም ወንበር አላሸነፈም፤ ከማካካሻው ግን 21 ደረሰው። አሥር ፓርቲዎች ፓርላማ ገቡ። መንግሥት የሆነው ያው ፓርቲ ነው፤ የተለወጠው ተሸናፊው የሚናገርበት ወንበር ማግኘቱ ነው።

ሰው ግን ደንብ ሲወጣ ቀዳዳውን መፈለጉ አይቀርም። በ2007 እ.ኤ.አ. ገዢው ፓርቲ ሁለት ወረቀት መኖሩን ተጠቀመበት። በአካባቢ በራሱ ስም ተወዳደረና 61 ወንበር ያዘ፤ ለፓርቲው ወረቀት ግን የራሱን ዝርዝር ሳያቀርብ ደጋፊዎቹን «ለዚህ ለትንሹ ወዳጃችን ስጡ» አላቸው። ትንሹ ፓርቲ በአካባቢ ምንም ስላላሸነፈ የሚቀነስበት የለም፤ 21 የማካካሻ ወንበር አገኘ። ሁለቱ ሲደመሩ ከ120 ወንበር 82 ሆነ፤ የፓርቲ ድምፃቸው ግን ከግማሽ እምብዛም አይበልጥም ነበር። ዋናው ተቃዋሚም ያንኑ ዘዴ ከሌላ ትንሽ ፓርቲ ጋር ተጠቅሟል፤ ስለዚህ አንዱን ብቻ ልወቅስ አልችልም። ብዙ ሽምግልና ከተደረገ በኋላ በ2011 ሕጉ ተሻሽሎ መራጩ አንድ ወረቀት ብቻ እንዲይዝ ተደረገ፤ ለአካባቢው ተወዳዳሪ የሰጠው ድምፅ ለፓርቲውም ይቆጠራል። በዚያው ሕግ የማካካሻው ዝርዝር ሴትና ወንድ እያፈራረቀ እንዲቀርብም ታዘዘ።

በ2012 እ.ኤ.አ. የሆነውን ቁጥር ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። የጠቅላይ ሚኒስትር ፓካሊታ ሞሲሲሊ አዲስ ፓርቲ 40 ከመቶ ያህል ድምፅ አግኝቶ ከ80ዎቹ የአካባቢ ወንበሮች 41 አሸነፈ። በድሮው ደንብ ቢሆን ኖሮ 41 ከ80 አብላጫ ስለሆነ ብቻውን ይገዛ ነበር፤ ከአሥር መራጭ ስድስቱ ሌላ እየመረጠ። በአዲሱ ደንብ ግን ማካካሻው ሲጨመር ከ120 አርባ ስምንት ሆነበት። ሦስት ሌሎች ፓርቲዎች 30፣ 26 እና 5 ይዘው ተጣመሩ፤ 61 ሞላላቸው። ያቺ 5 ሁሉም የማካካሻ ወንበር ናት። ሞሲሲሊ ሥልጣናቸውን በሰላም አስረከቡ፤ ቶማስ ታባኔ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ከ14 ዓመት በፊት በዚያው ከተማ ሱቅ ሲቃጠል ነበር።

ሁሉ ነገር አማረ ግን አልልም። ጥምረቱ ሁለት ዓመት ሳይቆይ ተናጋ፤ በ2014 ነሐሴ ታባኔ ለጊዜው ወደ ደቡብ አፍሪካ ሸሹ፤ ከ2012 እስከ 2017 ባለው ጊዜ ሦስት ምርጫ ተደረገ። ብዙ ወገን በአንድ ጠረጴዛ ሲቀመጥ ሥራ እንደሚዘገይ የእድር ስብሰባ የምታውቅ ሴት ሁሉ ታውቃለች። ይህን የምናገረው ደንቡን የሚቃወሙት እህቶቻችን ሥጋታቸው መሠረት የሌለው እንዳይመስላችሁ ነው።

ወደ አገራችን ልመለስ። የእኛም ፓርላማ የሚመረጠው በአብላጫ ድምፅ ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ተጽፏል። በ1997 ዓ.ም. የአዲስ አበባ 23 ወንበሮች በሙሉ ለቅንጅት ሄዱ። በ2002 ዓ.ም. ከእነዚያው 23 ወንበሮች 22ቱ ለኢሕአዴግ ሆኑ፤ አንዱ ለመድረክ። በመካከሉ ብዙ ነገር እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ እኔ ግን የማወራው ስለ ሒሳቡ ብቻ ነው። በዚህ ደንብ የድምፁ ሚዛን ጥቂት ሲያዘነብል ወንበሩ በሙሉ ወደ አንድ ወገን ሊፈስስ ይችላል። በ2007 ዓ.ም. ደግሞ 547ቱም ወንበሮች በኢሕአዴግና በአጋሮቹ ተያዙ።

ከእነዚያ 547 አባላት ሴቶቹ 212 ነበሩ። ደጋፊዎቻችን በየዓመቱ «በአመራር ላይ ስንት ሴት አለ?» የሚል ቅጽ ይልኩልናል፤ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ፓርላማን የሚመለከት ሰውም አስቀድሞ የሚጠይቀው እሱን ነው። እኛ ዘንድ ግን መልሱ ሁልጊዜ መቶ በመቶ ስለሆነ ምንም አይነግራችሁም። በሚቀጥለው ቅጽ «የትኞቹ ሴቶች?» የሚል አንድ መስመር ቢጨመር ሪፖርቱን የምሞላው እኔ ነኝና በደስታ እሞላዋለሁ።

እንግዲህ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። የመንደር ወንበሮቹ ይቆዩ። መንደሯ የላከቻት ሴት ቤቷ ይታወቃል፤ ሌሊት ምጥ ቢመጣ የሚንኳኳው የእሷ በር ነው፤ ይህን ማጥፋት አልፈልግም። በላያቸው ሦስት የማካካሻ ወንበር እንጨምር። አባል አንድ ወረቀት ብቻ ትያዝ፤ ሁለት ወረቀት ምን እንደሚያመጣ አይተናል። በየመንደሩ የተሰጠው ድምፅ በሥራ ዘርፍ ይደመር፤ ከድምፁ አንጻር ወንበር ለጎደለው ዘርፍ፣ ሳያሸንፉ ብዙ ድምፅ ያገኙት ይግቡ። የቆጠራው ወረቀት የተመዘገበውን፣ የመረጠውን፣ የተበላሸውን፣ ለእያንዳንዷ የተሰጠውን ይዞ በዚያው ቀን በጽሕፈት ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ቅሬታ ያላት በሦስት ቀን ውስጥ ታመልክት።

«ኮሚቴው በዛ፣ አበል በዛ» ለምትሉ፣ የኮሚቴ አባል የሚከፈላት የትራንስፖርት ብቻ ነው፤ የሦስት ሰው ጭማሪ በዓመት ስንት እንደሚሆን አስልቼ ለገንዘብ ያዥዋ ሰጥቻለሁ፤ ማየት የምትፈልግ ትጠይቃት።

አንድ ነገር ግን መፍትሔ አላገኘሁለትም። ከመካከላችን ማለዳ እንጀራ ጋግራ አስረክባ፣ ከሰዓት ገበያ የምትቀመጥ አለች። አንዷ ደግሞ ሦስት ቀን ልብስ አጥባ በቀረው ሽንኩርት ትሸጣለች። እነዚህ በየትኛው ዘርፍ ይቆጠሩ? ራሷ ትምረጥ ብንል፣ ወንበር የጎደለውን ዘርፍ አይታ የምትመዘገብ ትኖራለች። ኮሚቴው ይመድባት ብንል ደግሞ የሌሶቶን የ1998 ጭቅጭቅ ወደ ቤታችን እናመጣለን። ከዛሬ እስከ ጉባኤው ሦስት ሳምንት አለን፤ በየመንደራችሁ ስትገናኙ እዚህ ላይ ተነጋገሩና የደረሳችሁበትን በጽሑፍ ላኩልኝ።