ኤድመንድ በርክ በነጻነትና በወግ መካከል



አንድ ሰው «ሊበራል ነህ ወይስ ወግ አጥባቂ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ መልሱን አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ከወዳጆቹ ሰፈር ነው። የኤድመንድ በርክ ሕይወት ግን ሌላ መንገድ ያመለክታል።

በርክ እ.ኤ.አ. በ1729 በደብሊን ከፕሮቴስታንት አባትና ከካቶሊክ እናት ተወለደ። በእንግሊዝ ፓርላማም የንጉሡን ሥልጣን ለመገደብ ከቆመው፣ ዊግ ከተባለው ወገን ጋር ተሰለፈ። በ1775 ከአሜሪካ ቅኝ ግዛቶች ጋር በጦር ሳይሆን በዕርቅ መስማማት እንደሚገባ ተከራከረ። በአየርላንድ ንግድ ላይ የተጣለው ገደብ እንዲላላ፣ ካቶሊኮችም ከተጫነባቸው ሕግ ጥቂት እንዲያርፉ በመደገፉ የብሪስቶል መራጮቹ ተቀየሙት፤ በ1780 የከተማይቱን ወንበር አጣ። የቤንጋል ጠቅላይ አገረ ገዥ የነበረው ዋረን ሄስቲንግስ የሕንድን ሕዝብ በድሏል ሲል ያቀረበውም ክስ በ1788 በመኳንንት ምክር ቤት መሰማት ጀመረ፤ ተከሳሹ ግን በ1795 በነጻ ተለቀቀ።

እንዲህ ያለው ሰው የፈረንሳይን አብዮት ይደግፋል ተብሎ ሲጠበቅ፣ በ1790 አብዮቱን የሚያወግዝ መጽሐፍ አሳተመ። በማግሥቱ ዓመት ከቅርብ ወዳጁ ከቻርልስ ጄምስ ፎክስ ጋር በምክር ቤቱ ፊት ተጣላ። ፎክስ ወዳጅነታቸው እንዳይፈርስ ቢለምን በርክ መፍረሱን ተናገረ፤ ፎክስም አለቀሰ።

በርክ ከዳ ወይስ ጸና? እርሱ ራሱ የተለወጡት ጓደኞቹ መሆናቸውን ጽፎ ተከራክሯል። ለሚመረምረው ሰው ክርክሩ መሠረት አለው። የእንግሊዝ ንጉሥም ይሁን የቤንጋል አገረ ገዥ ወይም የፓሪስ ጉባኤ፣ ልጓም የሌለው ሥልጣን ግፍ መሥራቱ አይቀርም የሚለው እምነቱ በሦስቱም ላይ አንድ ነው። ነጻነትን የወደደው በሕግና በልማድ ተጠብቆ ሲያየው ነበር፤ ወግንም ያከበረው የሥልጣን አጥር ነው ብሎ ስላመነ ነው። ሚዛኑ ግን ያልተዛባ አልነበረም። የመምረጥ መብት ለብዙኃኑ እንዲሰፋ አልወደደም፤ ለፈረንሳይ ንግሥት ውርደት ያዘነውን ያህልም ለገበሬው ቀንበር አላዘነም።

እንግዲህ የፖለቲካ ማንነቱን የሚፈልግ ሰው «ከማን ጋር ልቁም?» ከማለቱ በፊት «ወዳጄም ቢያደርገው የምቃወመው ነገር ምንድን ነው?» ብሎ ራሱን ሊጠይቅ ይገባዋል። መልሱ ዋጋ አለው፤ በርክ በ1797 እስኪሞት ድረስ ከፎክስ ጋር አልታረቀም።