የሕፃናት ማቆያ ንጽሕና የሠፈሩ ሁሉ ጉዳይ ነው

(በእንጅባራ ከተማ በሠፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ ስለ ጤና አጠባበቅ የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላልተገኙት እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ወጥቷል።)



 ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት በሕፃናት ማቆያ ውስጥ ስለ ንጽሕና አጠባበቅና ተላላፊ በሽታን ስለ መከላከል ነው። «ይህ የሞግዚቶች ጉዳይ ነው፣ እኔን ምን አገባኝ?» የሚል ሰው ቢኖር እስከ መጨረሻው ቢታገሠኝ አሳቡን እንደሚለውጥ ተስፋ አለኝ።

ድሮ ሕፃን የሚያድገው በአያቱ ጀርባና በጎረቤት ዓይን ሥር ነበር። ዛሬ ግን በእንጅባራም ሆነ በዳንግላ ከቤት ወጥታ የምትውል እናት በዝታለች። የመንግሥት ሠራተኛ አለች፤ ገበያ የምትውል አለች፤ በቀን ሥራ የምትተዳደር አለች። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ለእናት ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ ደግሞ 90 ቀን ፈቃድ ይሰጥ ነበር። መሥሪያ ቤቶችም እናቶች የሚያጠቡበትና ሕፃናታቸውን የሚያቆዩበት ቦታ እንዲያቋቁሙ ያዝ ነበር። መልካም ሕግ ነበር። ነገር ግን ሒሳቡን እንሥራው። 90 ቀን ሲያልቅ ሕፃኑ ገና የሦስት ወር ልጅ ነው። እስከ ስድስት ወር ከእናት ጡት በቀር ውኃ እንኳ አይስጡት የሚባለው ሕፃን በዚህ ዕድሜው ከሌሎች ልጆች ጋር መዋል ይጀምራል ማለት ነው። ገበያ የምትውለዋና የቀን ሠራተኛዋ እናት ደግሞ ይህችም ፈቃድ የለቻቸውም፤ ልጃቸውን ለጎረቤት ሰጥተው ይወጣሉ።

ስለዚህ እኔ ማቆያ ስል በሩ ላይ ሰሌዳ የተሰቀለበትን ብቻ አይደለም። አምስት ስድስት ልጅ ሰብስባ የምትውለውን የጎረቤታችንን ቤት ጭምር ማለቴ ነው።

በሽታ እንዴት ይሻገራል?

እስቲ አንድ ነገር እናስብ። ጠዋት አንድ ሕፃን ተቅማጥ ይዞት ይመጣል። እናቱ ሥራ እንዳይቀርባት ሳትናገር አስረክባው ትሄዳለች። ሞግዚቷ ሽንት ጨርቁን ትለውጥና እጇን በቀሚሷ ጠረግ አድርጋ የሌላውን ልጅ አጥሚት ታማስላለች። የታመመው ልጅ የያዘውን መጫወቻም ሦስት ልጆች በየተራ አፋቸው ውስጥ ይከቱታል። ሁለት ቀን ሳይሞላ አራት ልጆች ታመሙ፤ አራት እናቶች ከሥራ ቀሩ፤ በየቤቱ ያሉት ታናናሾችም ጀመራቸው። ማቆያ የሌለው ቤት ሳይቀር ደረሰው። ነገሩ የሠፈሩ ሁሉ ነው ያልኩት ስለዚህ ነው።

ታዲያ ጥፋቱ በማን ላይ ይደረጋል? በጥርሱ! «ጥርስ እያበቀለ ነው፣ የጥርስ ተቅማጥ ነው» ሲባል ያልሰማ ማን አለ? ልጅ ጥርስ የሚያበቅልበት ዕድሜ መዳህ የሚጀምርበትና ያገኘውን ሁሉ አፉ የሚከትበት ዕድሜ ነው። ተቅማጡን የሚያመጣው ከወለል ያነሣው ቆሻሻ ነው እንጂ ጥርሱ አይደለም። ስለዚህ ግግ ማስወጣትም ሆነ እንጥል ማስቆረጥ ተቅማጥን አያድንም፤ ይልቁንም ደም መፍሰስንና ቁስል ማመርቀዝን ያስከትላል።

ሌላው ጎጂ አስተሳሰብ «የሕፃን ሰገራ ምን አለው፣ ወተት እኮ ነው የሚጠባው» የሚለው ነው። የሕፃን ሰገራም እንደ አዋቂው ሰገራ በሽታ አምጪ ተሐዋስያንን ይይዛል። በማቆያ ውስጥ የበሽታ ዋናው መንገድ ከሽንት ጨርቅ ተነሥቶ በሞግዚቷ እጅ በኩል ወደ ሌላው ልጅ አፍ የሚሄደው ነው። ይህን መንገድ የዘጋ ማቆያ ከግማሽ በላይ ሥራውን ሠርቷል ማለት ይቻላል።

ስለ እጅ መታጠብ

እኛ እጅ መታጠብን የምናውቅ ሕዝብ ነን። እንግዳ ሲመጣ ልጅ ተነሥቶ፣ ማስታጠቢያውን ይዞ፣ በጆግ ውኃ ያፈሳል። ባህሉ ግሩም ነው። ሆኖም ሁለት ጉድለቶች አሉበት። አንደኛ፣ ከምግብ በፊት በውኃ ብቻ ለቅለቅ እናደርግና ሳሙናውን የወጡን ቅባት ለማስለቀቅ ከምግብ በኋላ እናመጣዋለን። መሆን ያለበት ግን ሳሙናው በፊትም በኋላም ነው። ሁለተኛ፣ ለሕፃናት ሲሆን ጊዜ ለመቆጠብ ብለን በአንድ ሳህን ውኃ የሁሉንም እጅ እናስነክራለን። ይህ ማጠብ ሳይሆን የአንዱን ቆሻሻ ለሁሉ ማከፋፈል ነው። ውኃው የሚፈስ መሆን አለበት፤ ከጆግም ይሁን ከባለ ቧንቧ ጀሪካን።

እጅ በሽታን እንደሚያሻግር ዓለም የተረዳው በቀላሉ አልነበረም። በ1847 እ.ኤ.አ. በቪየና ከተማ ኢግናዝ ሰመልቫይስ የተባለ ሐኪም አስከሬን ሲመረምሩ ቆይተው ወደ ማዋለጃ ክፍል የሚገቡ ሐኪሞች እጃቸውን በክሎሪን ውኃ እንዲታጠቡ አዘዘ። በጥቂት ወራት ውስጥ በወሊድ ትኩሳት የሚሞቱት እናቶች ቁጥር እጅግ ቀነሰ። በእኛም ዘመን በልዩ ልዩ አገሮች በሕፃናት ማቆያዎችና በትምህርት ቤቶች የተደረጉ ጥናቶች ተሰብስበው ሲመዘኑ፣ እጅ መታጠብን ማስተማርና ማስለመድ የተቅማጥን በሽታ 30 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ታይቷል።

ሩቅ ሳንሄድ የራሳችንን እናስታውስ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ በኋላ በየሱቁና በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ጀሪካንና ሳሙና ቆሞ ነበር። ማንም አላቃተውም። ዛሬ ያ ጀሪካን የት ገባ? ከኮሮና በፊትም ነበረ፣ ከኮሮና በኋላም ያለው ተቅማጥ ግን የትም አልሄደም።

እንግዲህ ሞግዚት እጇን በሳሙና መታጠብ ያለባት ሽንት ጨርቅ ከለወጠች ወይም ፖፖ ካነሣች በኋላ፣ ከመጸዳጃ ቤት ስትመለስ፣ የልጅ አፍንጫ ከጠረገች በኋላ፣ ምግብ ከማዘጋጀቷ በፊትና ልጅ ከማብላቷ በፊት ነው። የተለወጠውም ልጅ እጁ ይታጠብ፤ እሱም ነክቶታልና።

ስለ ሽንት ጨርቅ፣ ስለ ምግብና ስለ ወለል

ሽንት ጨርቅ የሚለወጥበት ቦታ ምግብ ከሚሠራበት ይራቅ። ሰገራው መጸዳጃ ጉድጓድ ውስጥ ይደፋ። ተጠቅልሎ የሚጣለውን ዳይፐር ቦይና ወንዝ ዳር መወርወር ውሻና ዝንብ መጥራት ነው፤ ክዳን ባለው ዕቃ ይጠራቀምና በአግባቡ ይወገድ። በእኛ አገር ከሰኔ እስከ መስከረም ጨርቅ እንደማይደርቅ ሁላችን እናውቃለን። እርጥብ ጨርቅ መልሶ ማልበስ የሕፃኑን ቆዳ ይልጠዋልና በክረምት ትርፍ ጨርቅ ይዘጋጅ፤ ሲቻልም በካውያ ይተኮስ።

ጡጦን በደንብ ማጠብ አስቸጋሪ ነው፤ ተሐዋስያን በጫፉና በሥርቻው ይቀራሉ። ከጡጦ ይልቅ ንጹሕ ኩባያና ማንኪያ ይሻላል። እናት ጡቷን በንጹሕ ዕቃ አልባ ብትሄድ ወተቱ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ተከድኖ ለ4 ሰዓት ያህል ጊዜ ሊቆይ ይችላል። ጠዋት የተሠራ አጥሚት ግን እስከ ማታ አይቆይ። የዕቃ መደርደሪያ ከፍ ብሎ ይሠራ፤ ቀርከሃው በአገራችን ሞልቷል።

መጫወቻና ጠረጴዛ በየቀኑ በሳሙና ይታጠብ። ከዚያም 5 በመቶ ከሆነው በረኪና አራት የሻይ ማንኪያ በ1 ሊትር ውኃ ተበጥብጦ ይታሽና ከአሥር ደቂቃ በኋላ በንጹሕ ውኃ ይለቅለቅ። ትውከት ወይም ተቅማጥ የፈሰሰበት ወለል ግን አስቀድሞ ቆሻሻው ተጠርጎ፣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ ይፈስበት። የተበጠበጠው በረኪና ለማግሥቱ አይደር፤ ከሌላ ማጽጃ ጋር አይቀላቀል፤ ሕፃን ከማይደርስበት ይቀመጥ።

ስለ ዓይን፣ ስለ ቆዳና ስለ አየር

በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሚሆናቸው ልጆች 62.6 በመቶ የሚሆኑት ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ በመድኃኒት ዕደላና በትምህርት ቢቀንስም ክልላችን ገና አልተገላገለም። ትራኮማ ከልጅ ወደ ልጅ የሚሄደው በእጅ፣ በዝንብና በፎጣ ነው። በነጠላ ጫፍ የአንዱን ልጅ ዓይንና አፍንጫ ጠርጎ በዚያው የሌላውን መጥረግ ፍቅር ይመስላል፤ ነገር ግን በሽታ ማደል ነው። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ፎጣ ይኑረው፤ ፊቱም በቀን ደጋግሞ ይታጠብ። ብርድ ልብስም እንዲሁ የግል ይሁን። በ2008 ዓ.ም. በድርቁ ጊዜ በክልላችን እከክ እንዴት እንደተዛመተ አንረሳም።

እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። ስለዚህ በሩንም መስኮቱንም ዘግተን ከሰል እናነዳለን። ይህ ሁለት ጉዳት አለው። የታፈነ አየር ጉንፋንንና ኩፍኝን ያሻግራል፤ የኩፍኝ ተሐዋስ ሕመምተኛው ከወጣ በኋላ እንኳ በክፍሉ አየር ውስጥ እስከ ሁለት ሰዓት ይቆያል። ከሰሉ ደግሞ ሽታ የሌለው መርዛም ጋዝ ያወጣል። ልጁን ማሞቅ በልብስ ይሁን፤ መስኮቱ ጥቂት ይከፈት፤ ምድጃው ሕፃናት ወዳሉበት ክፍል አይግባ።

ማቆያ ልጅ ሲቀበል የክትባት ካርዱን ይይ። ክትባቱ በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛ ሳምንት ይሰጣል፤ የኩፍኝ ደግሞ በ9ኛና በ15ኛ ወር ነው። የሳንባ ምችን የሚከላከለው ክትባት ከ2004 ዓ.ም.፣ የሮታ ተቅማጥን የሚከላከለው ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ይሰጣል። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሳለች ሞግዚትም የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ታድርግ።

የታመመ ልጅ ሲመጣስ?

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ልምጣ። ቀላል ጉንፋን ይዞት የሚጫወት ልጅ ሊውል ይችላል። ተቅማጥ ወይም ትውከት ያለበት ግን ካቆመለት በኋላ ቢያንስ አንድ ቀን እስኪያልፍ፣ ኩፍኝ የያዘው ሽፍታው ከወጣ አራት ቀን እስኪሞላው፣ እከክ ያለበት መድኃኒቱን እስኪቀባ ከማቆያ መቅረት አለበት።

ይህን መናገር ቀላል ነው። የቀን ሥራ የምትሠራ እናት ግን አንድ ቀን ቀረች ማለት የዚያን ቀን እንጀራ አጣች ማለት ነው። ስለዚህ ትደብቃለች። ልንፈርድባት አይገባም፤ መደበቅ እንዳያስፈልጋት ማድረግ ግን እንችላለን። እንዴት? ለለቅሶና ለችግር ዕድር ያቋቋምን ሰዎች ለታመመ ሕፃን መላ አናጣም። ትንንሽ ልጆች የሌሏቸውና ፈቃደኛ የሆኑ እናቶች ስማቸው ተመዝግቦ፣ ልጅ ሲታመም በተራ ቢጠብቁ፤ ማቆያውም ልጁ በታመመባቸው ቀናት ክፍያ ባይጠይቅ፤ ልጁ በድንገት ቢታመም እናቱ እስክትመጣ የሚቆይበት ለብቻው የሆነ ጥግ ቢዘጋጅ፤ ይህ ከአቅማችን በላይ ነው ወይ?

ለእያንዳንዱ ማቆያም በወር ከየቤቱ አንድ አንድ ሳሙና ቢዋጣ ማንንም አይጎዳም። ዝናብ እንኳ አይቸግረንም፤ ከቆርቆሮው ጣሪያ የሚወርደውን በበርሜል ብንይዝ ቧንቧ በሚቋረጥበት ቀን ለማጠቢያ ይሆናል። ይህን ማኅበራችን እንዲወያይበት አሳስባለሁ። ምክሩም በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአዊኛ ጭምር ለእናቶች ይነገር።

ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ጡት አይከልከል። አንድ ከረጢት ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጠው፤ ከጤና ጣቢያም ዚንክ ይቀበል። መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ከደነዘዘ፣ ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ሰገራው ደም ካለበት ግን «እስከ ነገ እንየው» አይባልም፤ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል። ቅጠሉ ሳሙና፣ የሚፈስ ውኃና የጎረቤት መረዳዳት ነው። ሞግዚቷ እጇን እንድትታጠብ የምንጠይቃት ውኃውንና ሳሙናውን አቅርበንላት ይሁን።

 ልጆቻችንን ጤና ይስጥልን።