ቁልፉን የያዘው ማነው?

(ከዚህ በታች የታተመው አዲስ አበባ ለሚኖሩ የይፋት ተወላጆችና ወዳጆች የተደረገ ንግግር ነው። - ዝግጅት ክፍሉ)



ሸዋ ሮቢት ሲባል አዲስ አበቤው መጀመሪያ ትዝ የሚለው እስር ቤቱ ነው። አይፈረድበትም። በነሐሴ 2008 ቂሊንጦ ሲቃጠል እስረኛው እየተጫነ የሄደው ወደዚያ ነበር። እኔ ግን ዛሬ የቆምኩት ስለ እስር ቤት ልናገር አይደለም፤ ስለ ሽንኩርት ነው። (ሣቅ) ሳቁ ግድ የለም። ስለ ሽንኩርትና ስለ ቴሌ።

አገሩን ለማያውቁት ልንገራቸው። ከጣርማበር ዋሻ ወጥታችሁ ደብረ ሲናን አልፋችሁ ቁልቁል ስትወርዱ ጋቢው ይወልቃል። ቆላ ነው። ሸዋ ሮቢት፣ ሰንበቴ፣ አጣዬ እያለ እስከ ካራቆሬ ይዘልቃል። ማሽላው፣ ጤፉ፣ ማሾው፣ ቲማቲሙ፣ ሽንኩርቱ የዚያ አገር ሕይወት ነው። ሽንኩርት ደግሞ እንደ ማሽላ ጎተራ ገብቶ ጌታውን አይጠብቅም። ከተነቀለ በኋላ በዚያ ሙቀት በየቀኑ ይከሳል፣ ይበሰብሳል። ገበሬው ከደላላ ጋር ሲደራደር በእጁ ያለው ጉልበት አንድ ነው፤ አዲስ አበባ ላለ ዘመዱ ደውሎ "ዛሬ ኪሎው ስንት ገባ?" ብሎ መጠየቅ። ስልኩ ሲሞት በአይሱዙ የመጣው ነጋዴ ዋጋውን ያውቃል፣ ባለ ማሳው አያውቅም። ከዚያ በኋላ ድርድር የሚባል ነገር የለም።

ጉዱ ገና ነው። ሽንኩርቱ በመስኖ ይለማል፤ የውሃ መሳቢያው ሞተር ነዳጅ ይጠጣል። በሚያዝያና በግንቦት 2015 መንግሥት "ከእንግዲህ ነዳጅ በጥሬ ብር አይሸጥም፣ በቴሌብርና በመሰል የኤሌክትሮኒክ ክፍያ ብቻ" አለ። መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ፣ ቀጥሎ በየክልሉ። ዘመናዊነት ነው፣ እሰየው። ሦስት ወር ቢያልፈው ነው፣ የአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ድርግም አለ። አንዱ እጅ "በስልክህ ክፈል" ይላል፣ ሌላው እጅ ስልኩን ያጠፋል። ሁለቱም እጆች የአንድ አካል ናቸው! "ቴሌብር ያለ ኢንተርኔትም በአጭር ቁጥር ይሠራል" የሚለኝ ይኖራል። ልክ ነው፣ ኔትወርክ ሲኖር። በግጭቱ ወራት በብዙ ቦታ የድምፅ ጥሪውም ይቆራረጥ ነበር።

አሁን ቀኑን ልብ ብላችሁ ተከተሉኝ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን ያወጀው ሐምሌ 28 ቀን 2015 ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው ነሐሴ 8 ቀን። ኢንተርኔቱ ግን ከአዋጁ በፊት መጥፋት ጀምሮ ነበር። አዋጁ በጥር 2016 ለአራት ወር ተራዘመና በግንቦት መጨረሻ አበቃ። ኢንተርኔቱስ? አዋጁ ሲያልቅ አልተመለሰም። በአንዳንድ ከተሞች ብቅ ማለት የጀመረው በ2016 ክረምት ነው፣ ዓመት ሊሞላው ሲል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 "አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ አንዳንድ መብቶች ይገደባሉ" ይላል። እሺ ብለናል። ከአዋጁ በፊት ለጠፋውና ከአዋጁ በኋላ ጠፍቶ ለቆየው ቀን ታዲያ የትኛው አንቀጽ ነው የሚያገለግለው? አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ፣ መረጃ የመጠየቅና የመቀበል መብት ሰጥቶ፣ ገደብ የሚጣለው በሕግ ብቻ ነው ይላል። በሕግ! በስልክ ትእዛዝ አይልም።

የቴሌን ዘርፍ የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ነው። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በዚያ ተቋቋመ፣ ተጠሪነቱም ለጠቅላይ ሚኒስትሩ ሆነ። ፈቃድ ይሰጣል፣ ፍሪኩዌንሲ ያከፋፍላል፣ ታሪፍ ይቆጣጠራል፣ የደንበኛ ቅሬታ ይሰማል። ሳፋሪኮም የመሩት ባለሀብቶች በ2013 በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃድ ገዝተው ገቡ። ሁለተኛ ኩባንያ ከመጣ የአንድ ቤት ጌትነት ያበቃል ያልን ብዙ ነበርን። ሱቁ ሁለት ሆነ፣ ማብሪያ ማጥፊያው ግን አንድ እንደሆነ ቀረ። አንድ ክልል ይዘጋ ሲባል ማን ይፈርማል፣ ለስንት ቀን፣ ለየትኛው ወረዳ፣ የተጎዳው ወዴት አቤት ይላል የሚለውን ሥርዓት አስይዞ የሚደነግግ ሕግ የለንም።

ዜጋው ላይ ሲመጣ ግን ሕጋችን ቆጠራ አያቅተውም። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185/2012ን አንብቡ። ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨው ሰው በማኅበራዊ ሚዲያ ከ5,000 በላይ ተከታይ ካለው ቅጣቱ ከበድ ይላል። የእኔን ተከታይ እስከ አምስት ሺህ ይቆጥራል፣ የተዘጋበትን ቀን ግን አንድ ብሎ አይቆጥርም። (ጭብጨባ)

በሽታው የዛሬ አይደለም። ከ1997 ምርጫ በኋላ አጭር የጽሑፍ መልእክት ተዘግቶ እስከ ሚሌኒየሙ ዋዜማ፣ ሁለት ዓመት ገደማ ከረመ። በሰኔ 2011 ለፈተና ጊዜ ተብሎ፣ በዚያው ወር ደግሞ ከባለሥልጣናቱ ግድያ በኋላ ተዘጋ። በ2012 ወለጋ ሦስት ወር ገደማ። ሃጫሉ ሲገደል አገሩ በሙሉ። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል ከዓለም ተቆርጦ ቆየ። የትግራዩ ሲዘጋ ብዙዎቻችን ዝም አልን። ይህንን የምለው ለመውቀስ አይደለም፤ ማብሪያ ማጥፊያው ብሔር እንደማይመርጥ እንድታዩት ነው። በሐምሌ 2011 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለጋዜጠኞች ኢንተርኔት ውሃም አየርም አይደለም ብለው ነበር። እርግጥ ነው አይደለም። የቆላ ገበሬ ግን ውሃውንም የሚስበው በሞተር ነው፣ ሞተሩም በነዳጅ ነው፣ ነዳጁም በስልክ ነው።

መንግሥት የሚያቀርበውን ምክንያት ልናጥላላው አይገባም። በፌስቡክ ሰው አልቋል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩት መዓረግ አማረ በ2014 የተገደሉት ስማቸው በፌስቡክ ከተለጠፈ በኋላ ነው። ልጃቸው ከሌሎች ጋር ሆኖ በታኅሣሥ 2015 የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ፣ በመጋቢት 2017 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት "ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ" አለ። እንግዲህ አስቡት፤ ኢትዮጵያዊ የአሜሪካን ግዙፍ ኩባንያ ኬንያ ውስጥ መክሰስ ይችላል። የሸዋ ሮቢት ባለ ሽንኩርት ግን ስልኩን ማን እንዳጠፋበት ስለማያውቅ የክስ ወረቀቱ ላይ ተከሳሽ ብሎ የሚጽፈው ስም የለውም።

ደግሞስ ወሬ በመዝጋት ይጠፋል? ይህንን ይፋትን ጠይቁ። በመጋቢትና በሚያዝያ 2013 አጣዬ ስትቃጠል፣ በኅዳር 2014 ሸዋ ሮቢት በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገብታ ስትወጣ፣ እዚህ ያላችሁ ስንት ሌሊት የማይነሳ ስልክ እንደደወላችሁ ታውቁታላችሁ። ሰንበቴ ገበያ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አፋሩ የሚገናኝበት ነው። እንዲህ ባለ አገር "እነ እገሌ መጡብህ" የምትል አንዲት ወሬ መንደር ታስነሳለች። ወሬዋን የሚገድላት ደግሞ ማዶ ያለው ጎረቤት ነው፤ "ኧረ ምንም የለም፣ እኛም ቤታችን ነን" ብሎ ሲደውል። ስልክ ሲዘጋ ወሬዋ በእግሯ ትሄዳለች፣ ማስተባበያው ግን ይቀራል። ታጣቂ የራሱ መገናኛ አያጣም፤ መገናኛ የሚያጣው አራስ ለማዋለድ መኪና የሚፈልገው ነው።

ሌላው አገር ምን አደረገ? በጥር 2011 የዚምባብዌ መንግሥት ኢንተርኔት ሲዘጋ ኢኮኔት የተባለው ኩባንያ "የመዝጋት ትእዛዝ ደርሶኛል" ብሎ ለደንበኞቹ በግልጽ ተናገረ። ትእዛዙም አዛዡም ታወቁ። ከሳሾች ያንን ይዘው ሄዱ፣ የሐራሬ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም "ያዘዙት ሚኒስትር በሕጉ ይህ ሥልጣን የላቸውም" ብሎ በቀናት ውስጥ አስከፈተው። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በጥር 2012 በካሽሚር ጉዳይ፣ የመዝጊያ ትእዛዝ ይታተም፣ ጊዜ ይኑረው፣ በየጊዜው ይመርመር አለ። የኢኮዋስ ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት በሰኔ ቶጎን ጥፋተኛ አደረገ። ሙጋቤ የገዛት አገር እንኳ ወረቀት ነበራት! (ጭብጨባ) የእኛ ችግር ፍርድ ቤቱ ደፋር አለመሆኑ ብቻ አይደለም፤ ለዳኛ የሚቀርብ ወረቀትም የለም።

ስለዚህ ዛሬ የምንጠይቀው "አትዝጉ" ብቻ አይደለም። ከዘጋችሁ ፈርሙ ነው። ስም፣ ምክንያት፣ ቦታ፣ መነሻና ማብቂያ ቀን ያለው ጽሑፍ፤ ለተወካዮች ምክር ቤት የሚቀርብ፣ በፍርድ ቤት የሚሞገት።

እንዴት እንጀምር ላላችሁት፣ የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው የመንግሥትን መሥሪያ ቤት በጽሑፍ መረጃ መጠየቅ ይችላል ይላል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ካልሰጠ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አሉ፣ ቀጥሎ እንባ ጠባቂ አለ፣ ከዚያ ፍርድ ቤት። "የደኅንነት ጉዳይ ነው" ብለው ይከለክሉን ይሆናል። ይከልክሉን፣ ግን በጽሑፍና በፊርማ። ያቺ የክልከላ ወረቀት በዚህ ጉዳይ በእጃችን የምትገባ የመጀመሪያዋ የተፈረመች ወረቀት ትሆናለች።

ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተጻፈው ደብዳቤ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው ያለው፤ በሐምሌ 2015 ማን አዘዘ፣ በየትኛው ሕግ፣ አዋጁ ካበቃ በኋላስ ለምን ቀጠለ። እስኪርብቶም አለ። ስትወጡ አንብባችሁ፣ ያመነበት ይፈርም።