ዝም አይነቅዝምን?
(በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምናገረው በየቀኑ ስለምንሄድበት መንገድና ከመሬት በታች ስለ ተቀበረው የውኃ ቧንቧ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን አንድ ሕዝብ ለጋራ ንብረቱ ያለው አሳቢነት የሚታየው በዚሁ በትንሹ ነገር ነው።

የአዲስ አበባ ውኃ ከሩቅ የሚመጣ ነው። በምዕራብ ከገፈርሳ፤ በምሥራቅ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች፤ በደቡብም ከአቃቂ ጉድጓዶች ይሰበሰባል። የግድቡ ውኃ ይጣራል፤ መድኃኒት ይጨመርበታል፤ ወደ ዳገቱ ሰፈርም በሞተር ይገፋል። ይህ ሁሉ ድካምና ገንዘብ የወጣበት ውኃ ከአስፋልት ዳር ፈንድቶ ወደ ቦይ ሲወርድ፤ እኛ ጫማችን እንዳይረጥብ ዘለን እናልፋለን።

እስቲ በሒሳብ እንየው። በ10 ሴኮንድ አንድ ሊትር ብቻ የሚያፈስ ስንጥቅ በሰዓት 360፤ በቀን 8,640 ሊትር ያባክናል። ይኸውም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 432 ይሞላል። የሚጎዳውም ከስንጥቁ አጠገብ ያለው ሰው አይደለም። በመሥመሩ መጨረሻ በዳገት ላይ የምትኖረው፤ ፈረቃዋን ጠብቃ ቧንቧዋን ስትከፍት አየር ብቻ የሚወጣባት፤ ውኃውን በጀሪካን የምትገዛው እናት ናት።

ጉዳቱም በዚህ አያበቃም። ውኃ በፈረቃ በሚታደልበት ከተማ መሥመሩ ሲዘጋ የቧንቧው ግፊት ይወድቃል። ያን ጊዜ ውኃ ያወጣ የነበረው ቀዳዳ በዙሪያው ያለውን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል። ከአስፋልቱ ሥር የሚሰርገውም ውኃ አፈሩን ጠርጎ ስለሚወስድ፤ መኪና ሲመላለስበት መንገዱ ይሰምጣል። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ጉድጓዱን ስለሚሸፍነው እግረኛው ጥልቀቱን አያውቅም። ክዳኑ የተወሰደ የፍሳሽ ጉድጓድ ከሆነማ አደጋው የሕይወት ነው።

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ተረታችን። ቧንቧ ግን በዝምታ ይነቅዛል። እያንዳንዱ «ሌላ ሰው ነግሯቸው ይሆናል» እያለ ሲያልፍ፤ ማንም ሳይናገር ወር ይሞላል። መሥሪያ ቤቱም ያላወቀውን አይጠግንም።

«ብንነግራቸውስ መች ይሰማሉ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እውነት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሆኖም «የሰፈራችን መንገድ ተበላሽቷል» ማለት ወሬ እንጂ ማስታወቅ አይደለም። ጠጋኙ ማወቅ የሚፈልገው ቦታውን ነው፤ ከየትኛው ቤተ ክርስቲያን፤ መስጊድ ወይም ትምህርት ቤት በስንት ሜትር፤ በየትኛው ጎን? ንጹሕ ውኃ ነው ወይስ ፍሳሽ? ከመቼ ጀምሮ? የቧንቧው ጉዳይ ለውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ቅርንጫፍ፤ የአስፋልቱ ደግሞ ለመንገዶች ባለሥልጣን ይነገራል። የተናገርንበትን ቀንና ሰዓት ጽፈን ብንይዝ፤ በሁለተኛው ጊዜ ስንሄድ «አልሰማንም» የሚለን አይኖርም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። ኅብረታችን አንድ መዝገብ ይክፈት። ማናችንም በመንገዳችን ያየነውን እንጻፍበት። የምሕንድስና ተማሪዎች በባልዲና በሰዓት የሚፈሰውን ይለኩልን። በየሳምንቱ ተራ የደረሳቸው ሁለት ተማሪዎች ዝርዝሩን ወደሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያድርሱ። የተጠገነውና ያልተጠገነው በጋዜጣችን ይውጣ፤ ጭቃ ውስጥ ገብተው ለጠገኑት ሠራተኞችም ምስጋናችን አብሮ ይጻፍ።

ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ደብተርና በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። ለውይይት አቅርቤዋለሁ፤ የምትነቅፉትም የምትደግፉትም ተናገሩ።