የ9ኛው ስኳድሮን ውለታ በማን ላይ ቀረ?

(ለቀድሞ የአየር ኃይል ባልደረቦች ከተደረገ ንግግር)

የደብረ ዘይት ልጆች!

ስለ 9ኛው ተዋጊ ስኳድሮን ተናገር ተብያለሁ። ጀብዱውን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እኔ የማነሣው ዕዳውን ነው።

ሐምሌ 1969 ዓ.ም የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን ሲወር፣ የነበሩን ኤፍ-5ኢ ጄቶች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። አሜሪካ ፊቷን አዙራብን መለዋወጫ ተቋርጧል። የዚያድ ባሬ አየር ኃይል በሶቪየት ሚግ-21 እና ሚግ-17 ተንበሽብሿል። ይሁን እንጂ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሰማዩ የእኛ ሆነ። ተአምር ነው እንዴ? አይደለም! የካራማራ ራዳር ቀድሞ ያይ ነበር። አብራሪው ዓመታት በፈጀ ሥልጠና የተሞረደ ነው። መካኒኩም ከአንዱ ፈቶ ለሌላው ሲገጥም ያድር ነበር።

ታዲያ እነዚህን ሰዎች ምን አደረግናቸው?

ለገሠ ተፈራ ሚጎችን ከጣሉ በኋላ ተመትተው ወርደው በሶማሊያ እስር ቤት 11 ዓመት ማቀቁ። ግንቦት 1981 መፈንቅለ መንግሥቱ ሲከሽፍ ደግሞ ደርግ የራሱን ጄኔራሎች በላ። የአየር ኃይል አዛዥ የነበሩት ሜጀር ጄኔራል ፋንታ በላይ ማዕከላዊ ውስጥ ሞቱ። በ1983 ኢሕአዴግ ገባና ያንን ሁሉ ባለሙያ «የደርግ ወታደር» ብሎ በተነው። በ1990 ከሻዕቢያ ጋር ጦርነት ሲነሣስ? ያው «የደርግ» አብራሪ ተፈለገ!

ከተፈለጉት አንዱ ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ ነበሩ። በኦጋዴን ሰማይ ሚግ የጣሉ፣ በ1976 በሻዕቢያ ተማርከው በኋላ የተፈቱ ሰው ናቸው። ግንቦት 1990 አሥመራ ላይ ዳግመኛ ተመትተው በሕይወት ተያዙ። ከዚያ ወዲህ ያሉበትን በይፋ የነገረን የለም። ታኅሣሥ 1993 አልጀርስ ላይ ውል ተፈረመ፤ ሌሎች ምርኮኞች አገራቸው ገቡ። ሐምሌ 2010 የሁለቱ አገር መሪዎች አሥመራ ላይ ተቃቀፉ። የበዛብህ ነገር ግን እንደ ተዳፈነ ቀረ።

ወገኖቼ! መንግሥት ይመጣል፣ ይሄዳል። እኒህ ሰዎች ግን ለንጉሥም፣ ለደርግም፣ ለኢሕአዴግም ሳይሆን ለአገር ነው የበረሩት። ስለዚህ ወንበሩ ላይ ያለው ሁሉ ዕዳውን ይወርሳል። አሥመራን በይፋ ይጠይቅልን! በሕይወት ካሉ ይመለሱ፤ ከሌሉም አፅማቸው ለቤተሰባቸው ይሰጥ፤ እርም ይውጣ። ሌላ ሐውልት አልጠየቅንም።