ጉልቻ ቢለዋወጥ
(በደባርቅ በተማሪዎች ኅብረት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



አባቶቻችን «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላሉ። ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ከዚህ ምሳሌ ጋር ጥቂት ለመከራከር ነው። የተሰጠኝ አርእስት በእስያ የተነሡ ጀማሪ ኩባንያዎች ስለሚያስፋፉት ንጹሕ ኃይል እንድናገር ነው። ሆኖም እስያን ያየሁ ሰው ስላልሆንሁ፥ ከማውቀው ቤት፥ ከእናቴ ማድቤት እጀምራለሁ።

እናቴ በዳባት ገጠር በሦስት ጉልቻ እንጀራ ትጋግራለች። ማገዶዋ ባሕር ዛፍ ነው፤ እርሱ ሲያልቅ ኩበት ነው። ኩበቱ በነደደ ቍጥር የገብሱ ማሳ ፍግ ያጣል። ከበላያችን ባለው ተራራም አስታው ለማገዶ ይቈረጣል። ያ ተራራ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የስሜን ፓርክ ነው። ከ1996 እስከ 2017 ድረስ አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተቈጥሮ ነበር። ለዚህ ያበቃው ማገዶ ብቻ አይደለም፤ ግጦሹም እርሻውም አለበት።

ከአራት ዓመት በፊት ለእናቴ አንድ የፀሐይ መብራት ገዛንላት። ኩራዙ ተጣለ፤ ታናሽ እኅቴም ማታ ማታ ታጠና ጀመር። በሁለተኛው ክረምት ባትሪው ደከመ። ሻጩን ብንፈልገው የለም፤ እስከ ጎንደር ብንጠይቅ የሚጠግነው አላገኘንም። መብራቱ ምሰሶ ላይ ተሰቀለ፤ ኩራዙም ተመለሰ። እንግዲህ የአባቶች ምሳሌ እውነት ሆነ ማለት ነውን?

ሌሎች እንዴት እንዳደረጉ እንመልከት። በባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በ1996 የተቋቋመው ግራሚን ሻክቲ የፀሐይ መብራትን ለገጠር ሰው በየወሩ በሚከፈል ዋጋ ሸጠ፤ የመንደር ሴቶችንም ጥገና አስተማረ። በ2003 አገር አቀፍ ዕቅድ ተጀምሮ ሌሎች ድርጅቶችም ስለ ተጨመሩ፥ ከ4 ሚሊዮን በላይ የፀሐይ መብራቶች በየቤቱ ተተከሉ። በሕንድ በ1995 የተመሠረተው ሴልኮ ደግሞ ገዢውን ከባንክ ብድር ጋር አገናኘ፤ ጠጋኙንም በገዢው አቅራቢያ አኖረ። ዛሬ የፀሐይ ሰሌዳ በብዛት የሚሠራው በቻይና ነው፤ ዋጋውም እጅግ ረክሷል። ስለዚህ የጐደለን ሰሌዳው አይደለም፤ ከሰሌዳው ጋር አብሮ የሚቀመጠው ሰው ነው።

ስለ ምድጃም አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። በታይላንድ ባልዲ የመሰለ፥ ውስጡ ሸክላ የሆነ የከሰል ምድጃ አለ። ኬንያውያን በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያንን አይተው ከራሳቸው ማንደጃ ጋር በማዋሐድ ጂኮን ሠሩ። እኛም በ1990ዎቹ ከኬንያ ተምረን «ላቀች» አልነው። ነገር ግን ላቀች እንጀራ አይጋግርም። ስለዚህ በዚያው ዘመን በአገራችን «ምርጥ» የተባለው፥ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው የምጣድ ምድጃ ወጣ፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቈጥባል። ታይላንድም ኬንያም ይህን ሊሠሩልን አይችሉም ነበር፤ የእንጀራን ነገር የምናውቅ እኛ ነንና።

በደባርቅና በዳባት ብርድ ግን ጉልቻው ቤት ያሞቃል። እሳቱ በተከደነ ጊዜ ቤቱ ይቀዘቅዛል። ይህን የምታውቀው እናት እንጂ ምድጃ አዳዩ አይደለም። ሳይጠይቋት የተሰጣት ምድጃ የዶሮ ማደሪያ ቢሆን ማን ይፈርድባታል?

ስለዚህ ለኅብረታችን ሁለት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፥ በገበያ ቀን የተበላሸ የፀሐይ መብራት የምንጠግንበት አንድ ጠረጴዛ እንዘርጋ፤ የኤሌክትሪክ ትምህርት ያላችሁ ሌሎቻችንን አስተምሩን። ሁለተኛ፥ ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንሄድ ስለ አዲስ ምድጃ ከመስበካችን በፊት ከእናቶቻችን ጋር ጭሱ ውስጥ ተቀምጠን እንጠይቃቸው።

ምሳሌው የተነገረው ጉልቻውን ብቻ ለውጦ ለሚሄድ ሰው ነው። አጠገቡ ተቀምጦ እሳቱን ለሚጠብቅ ግን አይሠራም። በጠረጴዛው ላይ የምታዩት የእናቴ መብራት ነው፤ ከምሰሶው አውርጄ ያመጣሁት ዛሬ ነው። የመጀመሪያው ሥራችን እርሱ ይሁን።